በቁም የተለቀሰላት ሴት

ውሸት ነው የሚል ይበል። እኔም መጀመሪያ ብዬ ነበር።

ከዚያ መካኒሳ ሄጄ ሥዕሉን በዓይኔ አየሁ። ሀና ማርያም ሄጄ ግቢውን አየሁ። በሩን ግን አላንኳኳሁም... ለምን እንዳላንኳኳሁ አንብባችሁ ስትጨርሱ ይገባችኋል።

እዚህ ቻናል ላይ የውድቅት ታሪክ ለለመዳችሁ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ይህ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ መካኒሳ፣ ሰው በሞላበት ቤት ውስጥ።

ጅብ የለበትም። የጠፋ መብራት የለበትም። ሻይ አለ፣ ብስኩት አለ፣ ጭብጨባ አለ።

የነገረችኝ ራሷ ሚካል ናት። እያለቀሰች አልነበረም። ቢቻላት ደስ ይላት ነበር መሰለኝ፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ማልቀስ አልሆነላትም። እንደነገረችኝ አድርጌ እነግራችኋለሁ።

ሚካል ገጣሚ ናት። ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። ቀን ቀን የሕፃናት መዋያ ውስጥ ትሠራለች፤ ከሥራ መልስ ትጽፋለች፤ ሲጋብዟት መድረክ ላይ ታነባለች። ሰው ያጨበጭብላታል... ግን ለይሉኝታ ያህል ነው። ከመቀመጫው ተነስቶ፣ እንባውን ጠርጎ፣ «እስቲ ድገሚው» ያላት አንድም ሰው የለም።

ይህ ነገር ሆዷን ይበላት ነበር።

መካኒሳ ውስጥ አንድ የቆየ ቪላ አለ። ከበበው የሚባሉ ሰዓሊ ዕድሜ ልካቸውን የሳሉበት ቤት ነው። እሳቸው ሲያርፉ ልጃቸው ማኑሄ ክፍሎቹን አስለቅቆ፣ ሥዕሎቹን ሰቅሎ፣ ቤቱን ትንሽ ሙዚየም አደረገው። አንዳንድ እሁድ ዝግጅት ያሰናዳል። ገጣሚ፣ ሙዚቀኛና ተወዛዋዥ ይጠራል። እያንዳንዱ አንድ ሥዕል ይመርጣል። ሥዕሉ ፊት ይቆምና ሥዕሉ የነገረውን በራሱ ጥበብ ለታዳሚው ያቀርባል።

ሚካል የመረጠችው ትልቁ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት የተሰቀለውን ነው።

አንዲት ሴት ናት። አረንጓዴ ሹራብ ለብሳ ደጅ ላይ ወንበር ይዛ ተቀምጣለች። አንድ እግሯ ጫማ አለው፤ ሌላው ባዶ ነው። ፊቷ ወደ መንገዱ ዞሯል... ሰው የምትጠብቅ ይመስላል። ከሥሩ የተጻፈው ስሟ ብቻ ነው።

ሙሉመቤት።

ሚካል ከዝግጅቱ በፊት ማኑሄን ስለ ሴትየዋ ጠይቃው ነበር። አባቱ ቤት ለብዙ ዓመት ያገለገሉ፣ እሱንም አዝለው ያሳደጉ ሴት መሆናቸውን ነገራት። አሁን ሀና ማርያም ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። እጋብዛቸዋለሁ፣ ግን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው የሚመጡ አይመስለኝም አላት።

ይህን ልብ በሉልኝ። ሴትየዋ በሕይወት እንዳሉ ሚካል ታውቅ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ሚካል መንዝ ውስጥ ተሾመች የምትባል አክስት አለቻት። አልቃሽ ናት። ሰው ሲሞት እሷ ትጠራለች፤ የሟችን ስም እያነሳች፣ ሙያውን እየቆጠረች ሙሾ ታወርዳለች፤ ለቀስተኛው ይቀበላታል። ሚካል ልጅ ሆና ክረምት ክረምት እሷ ዘንድ ስለምትከርም ዜማው ደሟ ውስጥ ገብቷል።

አክስቷ በሌላው ነገር ሁሉ ሳቂታና ቀልደኛ ነበረች። በአንድ ነገር ግን ቀልድ አታውቅም። ልጆች ሲጫወቱ የአንዱን ስም አስገብተው ሙሾ ቢያንጎራጉሩ አለንጋ ይዛ ትነሳለች።

በቁሙ ላለ ሰው አይለቀስም።

ለምን ሲሏት አትመልስም።

ወደ እሁዱ ልመልሳችሁ።

ክፍሉ ጢም ብሏል። ወንበር ያላገኙት ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ከሚካል በፊት አንዲት ተወዛዋዥ የከብት ገበያ ሥዕል ፊት ተወዝውዛ ሰውን ሁሉ ከመቀመጫው አስነስታለች። ጭብጨባው አልበርድ አለ...

ሚካል የያዘችውን ወረቀት አየችው። ሳምንት ሙሉ የጻፈችው ግጥም ነው። ድርቅ ብሎ ታያት።

አጠገቧ ዋሽንት የሚነፋላት ኢያቄም ቆሟል። ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«የለቅሶ ዜማ ትችላለህ?»

«ለማን?»

«ዝም ብለህ ንፋ።»

ከዚያ ወደ ሰው ዞረች። «ይህች ሴት ዛሬ በሕይወት የለችም» አለች።

ማን ጠየቃት? ማንም አልጠየቃትም።

ኢያቄም ነፋ። ሚካል ዓይኗን ጨፍና ጀመረች።

«በሩም ክፍት ነበር፣ ወንበሩም ከደጅ፣
የቤቱ እመቤት ናት የታጣችው እንጅ።

አንዱን እግር ጫማ፣ አንዱን እግር ባዶ፣
እንዲህ ያቻኮለሽ ምን ያለ ነው መርዶ?»

ቃሉ ሳትፈልገው ይመጣ ነበር። አንዱን ስንኝ ሳትጨርስ ሌላው ምላሷ ላይ ይቆማል። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት አያውቅም።

ዓይኗን ስትገልጥ ፊት ወንበር ላይ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

ለሙዚየም ዝግጅት ማን ነጠላ ያዘቀዝቃል?

አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ከመካከል አንዷ ደረቷን መምታት ጀመረች። ለማስመሰል አይደለም... እንደ እውነተኛ ለቀስተኛ፣ በልክ፣ እየዘገየች።

ሚካል ይህን ሁሉ አይታለች። ሊያስደነግጣት ይገባ ነበር። እሷ ግን ደስ አላት። ይህን ስትነግረኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።

ስትጨርስ ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። ከዚያ ጭብጨባው መጣ። ሰው ተነሳ። ስልክ ወደ ላይ ወጣ። ያላየችውን ቀን አየች።

ከኋላ ወንበር አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ ብለው መጡ። ዘግይተው ነው የገቡት፤ ማኑሄ ራሱ ትከሻቸውን ስሞ ወንበር ሲሰጣቸው ሚካል በጨረፍታ አይታለች። ፊታቸውን ግን አላስተዋለችም ነበር።

አሁን አስተዋለችው።

ሥዕሉ ላይ ያለው ፊት ነው። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ጉንጩ ገብቷል... ግን ያው ፊት ነው።

«ልጄ» አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ እኮ አለሁ።»

እዚህ ላይ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ይቅርታ እማማ፣ ተሳስቼ ነው» ብትል፣ ሰው ይስቅ ነበር፣ እሳቸውም ይስቁ ነበር፣ ሁሉም ሻዩን ጠጥቶ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

ሚካል ግን ዙሪያዋን አየች። ስልኮቹ አሁንም ይቀርጻሉ። አንዲት ሴት እንባዋን እየጠረገች ልታቅፋት ትጠባበቃለች።

«ተሳስተው ነው እማማ» አለቻቸው ፈገግ ብላ። «ሥዕሉ ላይ ያሉት ሞተዋል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ወይዘሮ ሙሉመቤት አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ወደ ወንበራቸው ሊመለሱ ዞሩ...

አንድ ሰውዬ ከፊታቸው ወንበሩን አንስቶ ሄደ። ሊቀመጡ እያጎነበሱ ነበር። «ይቅርታ ልጄ» አሉት። ዞሮ አላየም።

ሻይ የምታዞረው ልጅ በቀኝ ላለው ሰጠች፣ በግራ ላለው ሰጠች። እጃቸውን ዘረጉ። አለፈቻቸው።

ማኑሄ ዓይኑ በእንባ ተሞልቶ መጣና ሚካልን አቀፋት። ልጅነቱን እንዳስታወሰችው ነገራት። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ምናለ እሳቸው ኖረው ይህን ቢሰሙ።»

ሚካል አፍጥጣ አየችው። ያቺን ወንበር የሰጣቸው እሱ ነው። ትከሻቸውን የሳመው እሱ ነው።

«ማኑሄ...» አለች በሹክሹክታ። «እዚሁ ናቸው እኮ።»

«ልክ ነሽ» አላት። «መንፈሳቸው እዚህ ነው።»

ወይዘሮ ሙሉመቤት አጠገቡ ቆመው ነበር። እጅጌውን ይዘውታል።

አመሻሹ ላይ ሚካል ወደ ላፍቶ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ገባች። ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። አሮጊቷ ከኋላዋ ተከትለው ገብተው ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ታክሲው ሞላ።

ረዳቱ ግን መጮኹን አላቆመም። «ላፍቶ አንድ ሰው! የሞላ፣ አንድ ሰው!»

ተሳፋሪው እንዲሄድ ጨቀጨቀው። አንድ ሰው ይቀረናል እኮ አለ ልጁ፣ ወደዚያች ወንበር እየጠቆመ።

አንድ ጎረምሳ ሮጦ ገባ። ወንበሯ ላይ ዘፍ ሊል ሲል ወይዘሮ ሙሉመቤት ዘለው ተነሱ... ለትንሽ ነው ያመለጡት። ከዚያ እስከ ላፍቶ ድረስ፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት፣ አጎንብሰው በሩ ሥር ቆሙ።

ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ዓይናቸውን ሚካል ላይ ጣሉ።

«አንቺ ታዪኛለሽ አይደል?»

ሚካል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ታያቸዋለች፤ ግን «አዎ» ካለች ነገሩ የእሷ ሊሆን ነው።

ሰኞ ጠዋት ለሥራ ስትወጣ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጎረቤቶች እየወጡ እየወረዱ ነው። ማንም ዞር በሉ አላላቸውም፤ እሳቸው ናቸው ጫማ እንዳይረግጣቸው እግራቸውን የሚሰበስቡት።

«ቤቴ ድንኳን እየተከሉ ነው» አሏት። «የእድሩ ጥሩምባ ተነፍቷል። ማን ሞተ ብል የሚመልስልኝ አጣሁ። ልጄ ሄርሜላ ጸጉሯን ይዛ ታለቅሳለች... አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ብዳስሳት አልዞር አለች።»

ሚካል ሥራ እንደረፈደባት ነገረቻቸው። በጎን አልፋቸው ወረደች።

ይህን ስሰማ ተቆጥቻታለሁ። እንዴት አስቻለሽ አልኳት። ስልኳን አውጥታ የዚያን ቀን የመጡላትን መልእክቶች አሳየችኝ። ሙሾው የተቀረጸበት ቪዲዮ ከሰው ሰው እየተላለፈ ነበር። ዕድሜ ልኳን በሩን ስታንኳኳ የኖረችው ትልቅ መድረክ ጋብዟታል። ለማንም ብትናገር ሁሉም ነገር በአንድ ቀን አመድ ሊሆን ነው።

መዋያው ውስጥ ግን ሕፃናቱን ልታስተኛ ስትል መዝሙሩ አልወጣላትም። አፏን ስትከፍት የሚመጣው ያ ዜማ ነው። አንድ ሕፃን ቀና ብሎ አያትና ማልቀስ ጀመረ። ሌላው ተቀበለው... ሁሉም አለቀሱ። እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ፣ ትል ነበር በሆዷ።

አመሻሹ ላይ ስትመለስ ያው ደረጃ ላይ ናቸው። ጫማቸው አቧራ ጠጥቷል።

«ቀበሩ» አሏት።

ሚካል ቆመች።

«ሳጥኑን ተከትዬ እስከ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ባዶ ይሆናል ብዬ ነበር... ተሸካሚዎቹ ግን ከብዷቸው ይቀያየሩ ነበር። ከውስጡ ሰው አለ ልጄ። ማንን ነው የቀበሩት?»

ሚካል እዚያው ደረጃው ላይ ጎናቸው ተቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው አጠገባቸው የተቀመጠችው። በድያለሁ አለቻቸው። መኖርዎን እያወቅኩ ነው አለቻቸው። እሳቸው አልተሳደቡም፤ አልረገሟትም። አሁንስ ምን ይሻላል ብለው ብቻ ጠየቋት። እርግማን ይሻላት ነበር።

መንዝ ደወለች።

አክስቷ ተሾመች እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ቆይታ «በቁሟ?» አለች።

«በቁማቸው።»

ከዚያ አክስቷ ለማንም ያልነገረችውን ነገረቻት። በደርግ ጊዜ ወታደር ሄዶ ሞተ የተባለ የጎረቤት ልጅ ነበር። ሙሾ ያወረደችለት እሷ ናት። ተዝካሩ ከተበላ በኋላ ልጁ በእግሩ መጣ። እናቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲጠራት በአጠገቡ አልፋ ውኃ ልትቀዳ ወረደች። እናት፣ የገዛ ልጇን።

ያየችው አልቃሿ ብቻ ነበረች። መንደሩን ሰበሰበች፤ በሰው ፊት ቆማ «አልሞተም፤ ለቅሶዬ ሐሰት ነው» ብላ ስሙን ጠራች። እጁን ይዛ በፊት በር አስገባችው። ያኔ እናቱ አየችው።

«እኔ ሳላውቅ ነው» አለቻት አክስቷ። «አንቺ እያወቅሽ ነው። በይ፣ ሰልስቱ ሳያልፍ ሂጂ። ድምፅሽን እንዳትቆጥቢ። ለለቅሶው አልቆጠብሽም።»

የሰልስቱ ዕለት ረፋድ ላይ ሁለቱ አብረው ሀና ማርያም ሄዱ። በመንገድ ላይ ብዙም አላወሩም። ወይዘሮ ሙሉመቤት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሄርሜላ ሽንኩርት ያነሰው ወጥ እንደማትወድ፣ ለለቅሶ የሚሠሩት ሴቶች ግን ይህን እንደማያውቁ ተናገሩ። ያሳሰባቸው እሱ ነበር።

ግቢው በቆርቆሮ የታጠረ ነው። ድንኳኑ ግቢውን ሞልቶታል። አግዳሚዎቹ ላይ መቀመጫ የለም። ንፍሮ እየዞረ ነው። ከመካከል ጠረጴዛ ላይ ሻማ በርቷል፤ ከኋላው የሟች ፎቶ ቆሟል።

ፎቶ አይደለም። ሥዕሉ ነው። ማኑሄ አሳትሞ ያመጣው ነው።

ማኑሄ ራሱ ከፊት ተቀምጧል። ኢያቄምም አለ። እሁድ ዕለት ሙዚየሙ ውስጥ ያጨበጨቡት ብዙዎቹ እዚህ ናቸው።

ወይዘሮ ሙሉመቤት የግቢው በር ላይ ቀሩ። ውስጥ ቢገቡ ይረግጧቸዋል። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጸጉራቸውን ወደ ውስጥ መለሱ። ሊጠሩ ነውና ሰው ፊት ንጹሕ ሆነው መታየት ፈልገዋል።

ሚካል ገና ስትገባ ሹክሹክታ ተነሳ። ያቺ ናት... ያቺ ያስለቀሰችው... ቦታ ለቀቁላት። ያልነበረ ቦታ ተገኘላት።

አንዲት ሴት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ «ሙሉመቤት እኮ አረፈች» አለቻት። ለቀባሪው አረዱት።

ከዚያ ሄርሜላ መጣች። ድምፅዋ ዘግቷል፤ ዓይኗ አብጧል። የሚካልን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«እናቴን እንደዚያ ያለቀስሽልኝ አንቺ ነሽ» አለቻት። «ማንም ሳያውቃት ነው የኖረችው። ውለታሽን እስክሞት አልረሳም።»

ሚካል ይህን ስትነግረኝ እንዲህ አለችኝ፤ ብትመታኝ እናገር ነበር።

የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ዳባ ተነሱ። ድንኳኑን ጸጥ አሰኙ። ይህች ልጅ ለእህታችን ያለቀሰችውን ሁላችንም ሰምተናል፤ ዛሬም ሁለት ቃል ትበልልን አሉ።

ሌላ ምን ትፈልጋለች? መድረኩ ራሱ መጥቶላታል። ሰው ተሰብስቧል። መነሳት፣ ድምፅን ከፍ ማድረግ፣ ዋሽቻለሁ ማለት፣ ስማቸውን መጥራት...

ተነሳች።

በድንኳኑ አፍ በኩል የግቢው በር ይታያል። ወይዘሮ ሙሉመቤት ምርኩዛቸውን ጥብቅ አድርገው ይዘው፣ አንድ እግራቸውን ወደፊት አስቀድመው ይጠብቃሉ።

«እናታችሁ...» አለች ሚካል።

ሄርሜላ ከታች ቀና ብላ አየቻት። ኢያቄም ዋሽንቱን ከጉያው አወጣ። ከኋላ አንድ ስልክ ወደ ላይ ወጣ። ሁለት ስልክ...

«እናታችሁ...»

አልወጣ አላት። ተመልሳ ተቀመጠች። ሐዘኑ ከብዷት ነው አሉ፤ አንዷ ጀርባዋን ታሻት ጀመር።

አሁን የምነግራችሁን እሷም ስትነግረኝ ደጋግማ አቁማለች።

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። እግዜር እንደሆነ ሹክሹክታም ይሰማል አለች ለራሷ። መጥራቱ ከሆነ ጠርቻለሁ፤ ሰው ሁሉ መስማቱ ምን ያደርጋል አለች። ሰውም ሳይሰማ፣ መድረኩም ሳይቀር፣ ሄርሜላም ሳትጠላት፣ ሴትየዋም ወደ ቤታቸው ይገባሉ።

በነጠላዋ ውስጥ፣ ጀርባዋን የምታሻት ሴት እንኳ ሳትሰማ፣ «ሙሉመቤት» አለች።

«አቤት።»

ከግቢው በር አልነበረም።

ከቤቱ ውስጥ ነው። ከተዘጋው መኝታ ቤት።

ድንኳኑ ጸጥ አለ። ንፍሮ የሚቆረጥም ጥርስ እንኳ ቆመ። ሁሉም ሰምቷል።

«ማን ጠራኝ?» አለ ድምፁ ከውስጥ። የአሮጊት ድምፅ ነው። ከእንቅልፍ የነቃ፣ ትንሽ የጎረነነ።

ሄርሜላ ብድግ አለች። «እማዬ?»

ሮጠች። በሩ ሲከፈት ተሰማ። ትንሽ ጊዜ ምንም ድምፅ አልነበረም...

ከዚያ እልልታ።

አግዳሚው ሁሉ ባዶ ሆነ። ሰው እየተጋፋ ወደ ቤት ገባ። አቶ ዳባ ሻማውን እፍ ብለው አጥፍተው ሥዕሉን ብብታቸው ውስጥ ይዘው ገቡ። ማኑሄ እያለቀሰ፣ እየሳቀ ገባ። ሞተው ነበር እኮ፣ ቀብረናቸው ነበር እኮ ያለ አንድ ሰው የለም። አንድም። ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ የሚቀበሉ ይመስሉ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ ሚካል ብቻዋን ቀረች።

የምርኩዝ ድምፅ ሰማች። ወይዘሮ ሙሉመቤት እግራቸውን እየጎተቱ መጡ። አሁን የሚረግጣቸው የለም። አጠገቧ አግዳሚው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና በረጅሙ ተነፈሱ።

«እኔ አይደለሁም የመለስኩልሽ» አሏት።

«አውቃለሁ።»

«አልሰማሁሽም። ጠርተሽኝ ነበር?»

ሚካል እጃቸውን ያዘች። ከእሁድ ጀምሮ ነክታቸው አታውቅም፤ ፈርታ ነበር። ይቀዘቅዛል ብላ ነበር።

ሞቃት ነው። አውራ ጣቷ ሥር የደም ሥራቸው ይመታል። በልክ፣ ሳይዛነፍ፣ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው።

ከቤት ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ረጅም የአሮጊት ሳቅ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሳል ያቋርጠዋል። ሄርሜላም አብራ ትስቃለች።

ወይዘሮ ሙሉመቤት አንገታቸውን ወደ ቤቱ አዘንብለው አዳመጡ።

«ሳቄ ነው» አሉ።

ከዚያ ከውስጥ በኩል የቤቱ በር መቀርቀሪያ ተዘጋ።